የሥራ ተቋራጭ አፈጻጸም ክትትልና ቁጥጥር አንቀጾች

የሥራ ተቋራጭ አፈጻጸም ክትትልና ቁጥጥር አንቀጾች በግንባታ ውል ውስጥ የሚገኙ ድንጋጌዎች ሲሆኑ፣ አሠሪው ወይም በእርሱ የተወከለው መሐንዲስ ሥራውን በማንኛውም ተገቢ ጊዜ እንዲያይ፣ እንዲለካና እንዲፈትሽ፣ ጉድለት ያለበትን እንዲያስፈርስ፣ ክፍያንም ከተረጋገጠ ሥራ ጋር እንዲያያይዝ መብት ይሰጣሉ፤ በተቋራጩ ላይ ደግሞ ይህን የመፍቀድና የማመቻቸት ግዴታ ይጥላሉ። በኢትዮጵያ የእነዚህ አንቀጾች ምንጮች በዋናነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የመንግሥት ግዥ አዋጆችና መደበኛ የጨረታ ሰነዶች፣ እንዲሁም ፊዲክ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የዓለም አቀፉ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን የውል ቅጾች ናቸው።

አመጣጥ

አንቀጾቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት መንገድ አንድ ወጥ አይመስልም። አንደኛው አስተያየት መነሻቸውን ከፈረንሳይ የአስተዳደር ውል ሕግ ጋር ያያይዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በፈረንሳዊው የንጽጽር ሕግ ምሁር በሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር ውሎች፣ ከአንቀጽ 3244 ጀምሮ ደግሞ ስለ ሕዝባዊ ሥራዎች ውል ይደነግጋል። በዚህ አመለካከት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራውን የሚቆጣጠረው ውሉ ስለፈቀደለት ብቻ ሳይሆን የሕዝብ አገልግሎት ኃላፊነት ስላለበት ጭምር ነው።

ሁለተኛው አስተያየት የእንግሊዝን ወግ ያስቀድማል። የብሪታንያ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው የውል ቅጽ፣ በአሠሪውና በተቋራጩ መካከል ቆሞ ሥራውን የሚመረምር፣ ክፍያ የሚያጸድቅና አለመግባባትን በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስን «መሐንዲስ» የሚባል ባለሥልጣን ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው ፊዲክ በ1957 ያሳተመውና ኋላ «ቀዩ መጽሐፍ» በሚል መጠሪያ የታወቀው ቅጽም የዚሁ ወግ ተከታይ ነው።

ከሁለቱም በተጨማሪ የመንገድ ሥራውን ታሪክ መመልከት ተገቢ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች 5 ሚሊዮን ዶላር ያበደረ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎችን እገዛ አግኝቷል። ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ በአበዳሪ ሁኔታዎችና በመስክ መሐንዲስ ላይ የተመሠረተ የቁጥጥር ልማድ በአገሪቱ ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስቱ ምንጮች ምናልባት ተራ በተራ ሳይሆን ጎን ለጎን ሳይሠሩ አልቀሩም፤ ዛሬም በአንድ የግንባታ ክርክር ውስጥ ተከራካሪዎች ከፊዲክ አንቀጽም ከፍትሐ ብሔር ሕጉም ሲጠቅሱ መታየቱ ይህንኑ ያመለክታል።

ዋና ዋና ድንጋጌዎች

አንቀጾቹ በአመዛኙ የሥራ መርሐ ግብር ማቅረብን፣ ወርኃዊ የሂደት ሪፖርትን፣ ወደ ሳይት፣ ወደ ካባና ወደ ማምረቻ ቦታ የመግባት መብትን፣ የዕቃዎች ናሙና ፍተሻን፣ ጉድለት ያለበትን ሥራ አለመቀበልንና የእርምት ትዕዛዝን ያካትታሉ። የመሐንዲሱ ተጠሪ በሳይት መዝገብ ላይ በጽሑፍ የሚሰጠው ትዕዛዝ በቃል ከተሰጠው ይልቅ በማስረጃነት ይጸናል።

ሥራ ከመሸፈኑ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከቁጥጥር አንቀጾች ሁሉ በተግባር ከባድ ውጤት ያለው ሥራው በአፈር፣ በአርማታ ወይም በልስን ከመሸፈኑ በፊት መታየት አለበት የሚለው ነው። ምክንያቱም የግንባታ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ኋላ በማይታይ ክፍል ላይ ነው። ለምሳሌ የአንድ ኮለን መሠረት አርማታ ከመሞላቱ በፊት ተቋራጩ የምርመራ ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ተቆጣጣሪው የፌሮውን ዲያሜትርና ብዛት ከሥዕሉ ጋር ያመሳክራል፣ የስታፋውን ርቀት በሜትር ይለካል፣ ፌሮው ከካሳፎርማው ተገቢውን ርቀት መጠበቁንና ጉድጓዱ ከውኃና ከልቅ አፈር መጽዳቱን አይቶ ይፈርማል። በሙሊቱ ጊዜ የአርማታው ቅጥነት በስላምፕ ይለካል፤ ጎናቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩቦችም ተወስደው በአብዛኛው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ ይጨመቃሉ።

የአደጋው ክፍፍልም ከዚህ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 7.3 መሠረት ተቋራጩ ሳያሳውቅ ከሸፈነ መሐንዲሱ ሲጠይቀው በራሱ ወጪ ከፍቶ ማሳየትና መልሶ መጠገን አለበት። መሐንዲሱም በበኩሉ ጥሪ ሲደርሰው ያለአግባብ ሳይዘገይ መመርመር፣ ካልሆነም ምርመራ እንደማያስፈልገው ወዲያው ማሳወቅ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው አራተኛው ዕትም አንቀጽ 38 ደግሞ በሥርዓቱ አሳውቆ የተሸፈነ ሥራ ተከፍቶ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ያደርጋል። በመሆኑም መብቱ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በሰዓቱ የሚገኝ ተቆጣጣሪ የሌለው አሠሪ አንቀጹን ይዞም ቢሆን ሥራውን ሳያየው ሊሸፈንበት ይችላል።

ክፍያና ቅጣት

ቁጥጥር ጉልበት የሚያገኘው ከክፍያ ጋር ሲቆራኝ ነው። የተሠራው ሥራ በጋራ ተለክቶ ቴክኦፍ ሺት በሚባለው የልኬት ቅጽ ላይ ከሰፈረ በኋላ መሐንዲሱ የክፍያ ሰርተፊኬት ያጸድቃል። በፌዴራል የግዥ ሥርዓት የቅድሚያ ክፍያ ጣሪያ 30 በመቶ፣ የውል ማስከበሪያ ዋስትና 10 በመቶ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ የመዘግየት ቅጣት በቀን 0.1 በመቶ ሆኖ በድምሩ 10 በመቶ ላይ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚቀነሰው የመያዣ ገንዘብ ወይም ሪቴንሽን በጊዜያዊና በመጨረሻ ርክክብ ወቅት ይለቀቃል። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የግዥ ሕግ ያወጣሉ።

በመተከል ዞንና በድባጤ

የአንቀጾቹ አተገባበር በቦታው ሁኔታ ላይ እንደሚመሠረት ለማየት ድባጤን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ድባጤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ በደቡብ በኩል ዓባይ ከካማሺ ዞን ይለየዋል። የክልሉ ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከወንዙ ደቡብ፣ ድባጤ ከወንዙ ሰሜን መሆናቸው ለክትትል ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከክልል ቢሮ የሚላክ ተቆጣጣሪ ዓባይን መሻገር ሲኖርበት፣ የዞኑ መቀመጫ ግልገል በለስ ግን በተመሳሳይ ዳርቻ ላይ ይገኛል። ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ በመሆኑ የአፈር ሥራ ጥቅጠቃ፣ ብዙ ጊዜ ከከፍተኛው ደረቅ እፍጋት 95 በመቶ እንዲደርስ የሚጠየቀው፣ በበጋ ወራት ላይ መወሰኑ አይቀርም። ዞኑ በ2013 ዓ.ም. በጸጥታ ችግር ምክንያት በኮማንድ ፖስት ሥር የቆየ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ሁኔታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከተመለከተው ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ጋር ተያይዞ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

በዚሁ ዞን በጉባ ወረዳ የተገነባው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የክትትል አንቀጾች የመጨረሻ ውጤት ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። መንግሥት በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መዘግየትንና የልምድ ማነስን በመጥቀስ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ይዞት የነበረውን የኤሌክትሮሜካኒካል ሥራ ነጥቆ ለሌሎች ተቋራጮች ሰጥቷል።

ማኅበረሰቡ ራሱ የሚቆጣጠርበት አሠራር

በአነስተኛ የውኃ ግንባታዎች ላይ የተለየ አሠራር ተሞክሯል። በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል የተጀመረው በማኅበረሰብ የሚመራ የፕሮጀክት ስልት፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ፊንዋሽ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በመተከል ዞን ተግባራዊ ሆኗል። በዚህ ስልት ገንዘቡ በአነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለውኃ ኮሚቴው ይተላለፋል፤ ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሥራውን አይቶም ይከፍላል። የወረዳው ባለሙያ የቴክኒክ ድጋፍ ይሰጣል። ከምንጩ የሚጠጣው ሰው ከፋይም ተቆጣጣሪም በመሆኑ፣ ሩቅ ያለ መሐንዲስ በሰዓቱ ያለመገኘቱ ችግር በከፊል ይቃለላል።

ከርክክብ በኋላ

የመሐንዲሱ ማጽደቅ ተቋራጩን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውልን የሚመለከተው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል።