ዝላይና ትረካ፦ የዬስፐር ዩልን ክርክር በደብረ ዳሞ ገመድ ስለ መመርመር

ፕላትፎርመር የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ከእርከን ወደ እርከን እያዘለለ፣ ገደል እያሻገረና ከግድግዳ ላይ እያንጠለጠለ ወደ ፍጻሜው የሚያደርስበት ጨዋታ፣ ታሪክ ሊተርክ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በሊቃውንት ዘንድ ከተነሣ ዘመን ሆኖታል። ጃኔት መሪ በ1997 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ባሳተሙት መጽሐፍ ኮምፒዩተር አዲስ የትረካ መድረክ እንደሚሆን ተስፋ ማድረጋቸው፣ ሄንሪ ጄንኪንስም በ2004 የጨዋታ ሠሪ ታሪክን በሥፍራ ላይ የሚያንጽ ነው ማለታቸው የታወቀ ነው፤ ከሁለቱም ጋር ጠብ ስለሌለኝ በዚሁ አልፋቸዋለሁ።

ክርክሬ ከዴንማርካዊው ሊቅ ከዬስፐር ዩል ጋር ነው። ዩል በ2001 ጌም ስተዲስ በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ላይ ባወጡት አጭር ሐተታ፣ ጨዋታ ታሪክ ይተርካል የሚለውን ሐሳብ በሦስት ማስረጃ ነቅፈውታል። አንደኛው፣ ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም ሲሻገር ማንነቱን የማይለቅ ሲሆን ወደ ጨዋታ ሲሻገር ግን ይጠፋል የሚል ነው፤ ለዚህም አታሪ በ1983 ከስታር ዋርስ ፊልም ወስዶ የሠራውን ጨዋታ ጠቅሰው፣ ይህን ብቻ የተጫወተ ሰው የፊልሙን ታሪክ ሊያውቅ አይችልም ይላሉ። ሁለተኛውና የክርክራቸው ምሰሶ የሆነው የጊዜ ነገር ነው፤ ትረካ ያለፈውን የሚናገር፣ ጨዋታ ደግሞ አሁን የሚደረግ ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንዲት ቅጽበት ሊገናኙ አይችሉም፣ አንደኛው ሲነሣ ሁለተኛው ይወድቃል ማለታቸው ነው። ሦስተኛው፣ አንባቢ ከታሪኩ ውጭ ቆሞ የሚመለከት ሲሆን ተጫዋች ግን ራሱ የነገሩ ባለቤት ነው የሚል ነው። ጨዋታዎች በመቅድም መልክ የሚቀርብ ታሪክ እንዳላቸው ዩል አልካዱም፤ ነገር ግን መቅድሙን ከጨዋታው አካል ውጭ አድርገው ቈጠሩት።

የመጀመሪያው ማስረጃ ብዙ አያደክመንም። በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተሥሎ ይገኛል፤ በሚዛኑ በአንደኛው ወገን የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ለተጠማው ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውሃ ተቀምጦ፣ እመቤታችን ጥላዋን በውሃው በኩል ስትጥል ይታያል። ተአምሯን ከቶ ያልሰማ እንግዳ በዚህ ሥዕል ፊት ቢቆም፣ ሰውየው ማን እንደ ሆነ፣ ውሃውም ለማን እንደ ተሰጠ ከቀለሙ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉ አይተርክም ያለ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም። ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ በፊቱ ስላለ፣ ሥዕሉ የታሪኩን ዕንብርት፣ ያችን የሚዛን ቅጽበት ብቻ መርጦ ያሳያል፤ ይህም የትረካ ጉድለት ሳይሆን የትረካ ብልሃት ነው።

የጊዜው ክርክር ግን ተራ ስላልሆነ፣ ዩልም ሆኑ ተከታዮቻቸው ከቍጥር ያላስገቡትን አንድ ምስክር መጥራት ይገባል፤ እርሱም ገድለ አረጋዊና የደብረ ዳሞ ገመድ ነው። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት በትግራይ ወዳለው ወደዚህ አምባ በደረሱ ጊዜ፣ ወደ ራሱ የሚያወጣ መንገድ ስላልነበረ፣ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ዘንዶ ወርዶ እንዳወጣቸው፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን ይዞ ይጠብቃቸው እንደ ነበረ ገድሉ ይተርካል። ዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ ዕቃ የሚጓጓዝበት መወጣጫ ተሠርቶ እንደ ነበረ፣ ሥራው ሲፈጸም ግን እንዲፈርስ እንደ ተደረገ በትውፊት ይነገራል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣ ወንድ ሁሉ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቀጥ ያለ ገደል ላይ የተንጠለጠለውን የጠፍር ገመድ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሌላ ጠፍር ወገቡ ላይ ታስሮለት ከላይ እየሳቡት፣ በእግሩ ጣት የዐለቱን ስንጥቅ እየፈለገ ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ሰው በመካከለኛው ከፍታ ላይ ሳለ፣ ክንዱ ሲዝልና ወደ ታች ለመመልከት ሲፈራ፣ በየትኛው ጊዜ ውስጥ ነው ያለው? ትንፋሹ የአሁን ነው፤ የሚወጣው አወጣጥ ግን ከ1400 ዓመት በፊት የተፈጸመው የጻድቁ አወጣጥ ነው፤ ገመዱም በዘንዶው ፈንታ የተሰቀለ መሆኑን ያውቃል። በዚያች ሰዓት ገድሉን የሚያነብለት ዲያቆን አያስፈልገውም፤ ያለፈው ነገር በገዛ ክንዱ እየተነገረው ነውና። መወጣጫው ሳይፈርስ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ምእመኑ አምባው ላይ በምቾት ደርሶ ታሪኩን በጆሮው ይሰማ ነበር፤ መውጣቱና መስማቱም፣ ልክ ዩል እንዳሉት፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆኑ ነበር። የዩል ስሕተት ይህ ነው፤ መወጣጫ የተሠራላቸውን ጨዋታዎች አይተው፣ ገመድ ያላቸው የሉም ብለው ፈረዱ።

ከዚህ ተነሥቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ታሪክን መሠረት ያደረገ ፕላትፎርመር ታላቅ የሚሆነው ዝላዩ ራሱ ታሪኩ ሲሆን እንጂ፣ በዝላይና በዝላይ መካከል ጥሩ ታሪክ ስለ ተነበበበት አይደለም። በ2018 የወጣውን ሴሌስትን እንመልከት። ማደሊን የምትባል ወጣት ስሙ እንደ ጨዋታው የሆነውን ተራራ ለመውጣት ትነሣለች፤ የገዛ ፍርሃቷም በመልኳ ተቀርጾ፣ ከመስተዋት ወጥቶ ያሳድዳታል። በአየር ላይ ሳለች አንድ ጊዜ ብቻ መወርወር ትችላለች፤ ያንን ካጠፋች አብዛኛውን ጊዜ መሬት ሳትረግጥ ሌላ አታገኝም። በኬብል የሚጎተተው ሠረገላ ገደል ላይ ቆሞ ትንፋሽ ባጠራት ጊዜ፣ ጓደኛዋ አንዲት ላባ በሐሳቧ እንድትሥል ይነግራታል፤ ተጫዋቹም ላባዋን ከፍ ዝቅ እያደረገ በእርጋታ ሲይዛት የራሱ እስትንፋስ ሳይታወቀው ይሰክናል። በመጨረሻ ማደሊን ያንን ጥላዋን ማሸሽ ትታ ስትታረቀው፣ በአየር ላይ የመወርወር ኀይሏ ከአንድ ወደ ሁለት ያድጋል። ዕርቅ ምን እንደሚያተርፍ የተጫዋቹ አውራ ጣት ከንግግሩ ይልቅ አብልጦ ያውቀዋል፤ ትናንት የማይደረስበት እርከን ዛሬ ይደረስበታልና።

ጆናታን ብሎው በ2008 ያወጡት ብሬድ ደግሞ የጊዜውን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል። በመጨረሻው ክፍል ጀግናው የሚፈልጋት ልዕልት ከአሳዳጇ እየሸሸች ከጀግናው ጋር የምትሮጥ ትመስላለች፤ ጊዜው ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ስትሸሽ የነበረው ከራሱ ከጀግናው እንደ ነበረ ይገለጣል። ተጫዋቹ አሁን በእጁ ያደረገውን ያው እጁ ያለፈ ታሪክ አድርጎ ያነብበዋል። በየክፍሉ መግቢያ በመጻሕፍት መልክ የተቀመጡት ጽሑፎች ከዚህች ቅጽበት ጋር ሲተያዩ እጅግ ደካማ ናቸው፤ ጨዋታው ያለ እነርሱ ይበልጥ ይጠነክር ነበር ብዬ አምናለሁ። በአላስካ የኢንዩፒያት ሕዝብ ሽማግሌዎች ተሳትፈውበት በ2014 የወጣው ኔቨር አሎን፣ የማያባራውን የበረዶ ማዕበል ምንጭ ፍለጋ የወጣች ኑና የምትባል ልጅና የነጭ ቀበሮ ጓደኛዋን ታሪክ፣ ተራኪው በዚያው ሕዝብ ቋንቋ እየተናገረ ያቀርባል። የታሪኩ እውነተኛ ተራኪ ግን ነፋሱ ነው፤ ሲመጣ ያላጎነበሰ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ የዘለለም ነፋሱ በፈቀደው ሥፍራ ይወድቃል።

ገመድ የሚወጣ ምእመን ይጸልያል እንጂ አይጫወትም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እኔ ያነጻጸርኩት የአካልንና የጊዜን ነገር እንጂ የጸሎትን ክብር ስላልሆነ፣ ተቃውሞው ከጉዳዩ ውጭ ነው። ዩል ራሳቸው በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ጨዋታ ከእውነተኛ ሕግና ከልብ ወለድ ዓለም የተሠራ ነው በማለት አቋማቸውን አለዝበዋል የሚልም አለ፤ ሕጉንና ዓለሙን ጎን ለጎን ማቆም ግን አንድ ማድረግ አይደለም። በእርግጥ ጥቂት ጨዋታዎችን መርምሮ ስለ ሁሉም መፍረድ እንደማይገባ አምኜ፣ የተናገርኩት ታሪክን ስለሚያስቀድሙት ብቻ መሆኑን አስገነዝባለሁ።

በአገራችን የጨዋታ ሥራ ተጀምሯል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በኩኩሉ የምታመልጥ ዶሮን ሩጫ አሳይቶናል፤ በታሪክ ላይ የቆመ ፕላትፎርመር ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል። አርእስት እንዳይቸግር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም ትበቃለች። ዳግማዊ ምኒልክ የማገዶ እንጨት ከአዲስ አበባ እየራቀ ቢያስቸግር በ1900 ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አሰቡ፤ ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ሲስፋፋ ሐሳቡ ቀረ፣ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህን ታሪክ በጽሑፍ ሰሌዳ እየከፋፈሉ ማስነበብ መወጣጫ መሥራት ነው። እንጨት ለቃሚዋን ሴት ገጸ ባሕርይ አድርጎ፣ ሸክሙ ዝላይዋን እንዲያሳጥር፣ ጫካውም ከቀን ወደ ቀን በአንድ ገደል እንዲርቅ ማድረግ ግን፣ ከተማ ስለ ምን እንደሚለቀቅ አንድ ቃል ሳይነገር ያሳውቃል።

አዲስ ዓለምን በመሰሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ወጣቱ ጨዋታን የሚያውቀው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሚታሰብ እግር ኳሱ ይመረጣል፣ ረጅም ንግግር ከመጣም ቍልፍ ተጭኖ ይታለፋል። ወጣቱን በዚህ የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ ግን ትክክለኛ ፈራጅ አድርጌ እቀበለዋለሁ። ስለዚህ በአምቦ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ሥፍራ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉና እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት የሚያስቡ ሁሉ፣ አንድ የንግግር መስመር ከመጻፋቸው በፊት ዝላዩን ብቻ ሠርተው በዚያ ቤት ለተቀመጠ ወጣት ይስጡት፤ የእንጨት ለቃሚዋ ሸክም ከበደኝ ካላለ፣ ታሪኩን በልብ ወለድ መልክ ቢያሳትሙት ይሻላል።