ደጅ ጥናት፦ ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ

ዘመነ መሳፍንት ሲነሣ ደብረ ታቦርን አለማንሣት አይቻልም። ራስ ጉግሣ እንደ ቆረቆሯት የሚነገርላት፣ ራስ ዓሊም እስከ 1853 ድረስ የገዙባት ከተማ ናት (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሹመት ፈላጊው፣ ጉልት የሚሻው፣ ርስቱን የተነጠቀው ሁሉ በራሶቹ ደጅ ይጠና ነበር። ያ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ እጅ መንሻ ያልያዘ ድኻ ከርሞ ባዶ እጁን የሚመለስበት ነበር። ሆኖም ደጅ ጠኚው በአደባባይ ይታያል፤ ማን ከማን ደጅ እንደ ቆመ አገር ያውቀዋል።

የዘመናችን ደጅ ጥናት «ሎቢ» ይባላል፤ የሚካሄደውም በዝግ አዳራሽ ነው። በአየር ንብረት ፖሊሲ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ታሪክ መዝግቦታል። በ1989 በአሜሪካ «የዓለም የአየር ንብረት ጥምረት» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ስሙን የሰማ ለአየር ንብረት የቆመ ይመስለዋል። ከጀርባው ግን የነዳጅ፣ የከሰልና የመኪና ኩባንያዎች ነበሩ፤ የኪዮቶንም ስምምነት አጥብቆ ተቃወመ። ከአባላቱ አንዱ የነበረው የኤክሶን ባለሙያዎች ግን ነዳጅ ማቃጠል ምድርን እንደሚያሞቅ ገና በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአለቆቻቸው አስረድተው ነበር። ጥምረቱ የፈረሰው በ2002፣ አሜሪካ ስምምነቱን እንደማታጸድቅ ካስታወቀች በኋላ ነው።

«ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ካለ ወደ ጉና ተራራ ይመልከት። ርብና ጉማራ ከዚያ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የደጋው ገበሬ ገብሱንና ድንቹን፣ የሜዳውም ሩዙን የሚዘራው ሰማይ አይቶ ነው። ዝናቡ ሲዛነፍ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ነው፤ በዚያ ደጅ ግን ቆሞ አያውቅም።

ደጅ የሚጠናው ኩባንያ ብቻም አይደለም፤ መንግሥትም መንግሥትን ያግባባል። በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ የአፍሪካ ቃል አቀባይ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጉባኤው ሳያልቅ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳርኮዚ ጋር ፓሪስ ላይ የጋራ አቋም አወጡ። አፍሪካውያን የሲቪክ ማኅበራት «አቋማችንን ዝቅ አደረገው» ሲሉ ወቀሱ። በፓሪስ ምን ተባለ? ብሎ የሚጠይቅ በአገር ቤት ማን ነበር? በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከልክሏል። አዋጁ በ2019 ተሽሯል። መረጃ የማግኘት መብትም በ2008 በአዋጅ ቁጥር 590 ታውጆ ነበር፤ ዳሩ ግን ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለትን ስብሰባ የትኛው አዋጅ ያወጣዋል?

በ2023 በዱባዩ ጉባኤ ተሳታፊዎች የማን ተቀጣሪ እንደ ሆኑ እንዲገልጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቁ። ተቆጣጣሪ ማኅበራትም ከ2,400 በላይ የነዳጅ፣ የጋዝና የከሰል ኢንዱስትሪ አግባቢዎችን ቆጠሩ። ስም ሲጻፍ መቁጠር ይቻላል ማለት ነው።

ለ2027ቱ ጉባኤ አስተናጋጅነት የተመረጠችው አዲስ አበባ ናት። እንግዲህ ደጁ የእኛ ነው። ተደራዳሪዎቻችን ያነጋገሩትን ኩባንያ ሁሉ፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ስሙን፣ ቀኑንና ጉዳዩን ይመዝግቡ፤ መዝገቡም ለሕዝብ ይከፈት። በጥንቱ ችሎት ተሟጋች ዋስ ይጠራ ነበር። የጉና ገበሬ እህል በሚወሰንበት ችሎት ኩባንያ ያለ ስምና ያለ ዋስ የሚሟገተው ስለ ምን ነው?

ቸር ይግጠመን።