ከማርማላታ ድስት የመጣው ሳህን

“መድኃኒት የማያሸንፈው ባክቴሪያ አለ” ስንለው የ15 ዓመት ልጅ ምን ይታየዋል? ምንም! ባክቴሪያ በዓይን አይታይማ። በክብ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ዘርተን፣ መድኃኒት የተነከረ ትንሽ ወረቀት መሃሉ ላይ ብናኖርለት ግን ነገሩ ይለወጣል። በማግስቱ ሳህኑን ጭጋግ የመሰለ ነገር ይሸፍነዋል፤ በወረቀቱ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል። መድኃኒቱ የማይነካው ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ቀለበት የለም፤ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይበቅላል።

ይህ ዘዴ መነሻው ወጥ ቤት ነው ብንላችሁስ? በ1881 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጀርመናዊው ሐኪም ዋልተር ሄሰ ባክቴሪያ የሚያበቅለው በጄላቲን ላይ ነበር። ሙቀት ሲመጣ ጄላቲኑ እየቀለጠ ልፋቱን መና አስቀረበት። ባለቤቱ ፋኒ ግን ማርማላታዋን የምታረጋው ከባሕር አረም በሚወጣ አጋር ነበርና፣ እሱን ሞክር አለችው። ሠራ። በ1887 ዩሊየስ ፔትሪ ክዳን ያለውን ሳህን ጨመረበት። ሳህኑ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል፤ የፋኒን ስም የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ሻጋታው ባክቴሪያ ሲያጠፋ ያየው በዚሁ ሳህን ላይ ነው። ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘነጋው ቀጣዩ ነው፦ ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ፣ በ1940 አብርሃምና ቼይን መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ አገኙ። ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ ለመግደል የማይበቃ መጠን ከሰጠነው ጀርም መድኃኒቱን ይላመዳል ሲል አስጠነቀቀ። ብዙም አልቆየ። ሜሪ ባርበር በለንደኑ ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ካገኘቻቸው የስታፊሎኮከስ ናሙናዎች ፔኒሲሊንን የተላመዱት በ1946 14 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ1948 59 በመቶ ደረሱ።

ለተማሪዎች ከምናሳያቸው ሁሉ ቀልብ የሚስበው ግን የ2016ቱ የሃርቫርድ ቪዲዮ ነው። ሳህኑ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር፣ የጠረጴዛ ያህል ነው። ዳር ላይ መድኃኒት የለም፤ ወደ መሃል እየበረታ ይሄዳል። ባክቴሪያው በየድንበሩ ቆም ይላል፤ ከዚያ አንዲት የተለወጠች ነጥብ ሾልካ ታልፍና ትንሰራፋለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሁሉም የበረታው መሃል ላይ ይደርሳል። ጉሮሮው ስለተሻለው ክኒኑን ግማሽ ላይ የተወ ልጅ እዚህ ጋ ዝም ይላል።

መምህራን ሆይ፣ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ለትምህርት ቤት የተፈቀደ፣ ጉዳት የሌለው ዝርያ ብቻ ተጠቀሙ። የበቀለበትን ሳህን በፕላስተር አሽጉት፤ ልጆቹ በክዳኑ ላይ እንዲያዩት እንጂ እንዲከፍቱት አትፍቀዱ።