ቅኔ በመምህር ፊት

ማተሚያ ቤት ወደ አገራችን ከመግባቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፥ ለሰሚ የሚቀርብ ድርሰት የሚመዘንበት ሥርዓት በጎጃም የቅኔ ቤቶች ጸንቶ ይኖር ነበር። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ጉባኤያት ይቈጠራል።

የቅኔው ተማሪ ቀን ለብቻው ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያም የቈጠረውን በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይነግራል። መምህሩም አስቀድሞ ልኩን ያያል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት፥ መወድስ ስምንት መሆን አለበትና። ቀጥሎ የግዕዙን አገባብ፥ ከዚያም ሰሙና ወርቁ መስማማታቸውን ይመረምራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን አዲስነቱ ነው። ትናንት የተሰማ ቅኔ ምንም ቢያምር ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪም በጉባኤው መካከል ያፍራል።

እኛን እጅግ የሚያስደንቀን መምህሩ የተበላሸውን ዝም ብሎ አለመጣሉ ነው። የጐደለውን ቃል እዚያው ያቃናል፤ ምክንያቱንም ጉባኤው ሁሉ ይሰማል። ለአንዱ የተሰጠው እርማት (ይህም ትንሽ ነገር አይደለም) ለሌሎቹ ትምህርት ይሆናል።

ጋዜጣ ከመጣ ወዲህ፥ ይልቁንም ብርሃንና ሰላም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ከጀመረ በኋላ፥ መራጩ አዘጋጅ ሆነ፤ ጸሐፊውም ከሩቅ ልኮ የሚጠብቅ ሆነ። ጽሑፉ ሳይታተም ሲቀር ምክንያቱን የሚነግረው ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኛም ልከን መልስ ያጣንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የተመኘነው መታተሙን ብቻ አልነበረም፤ እንደ ዲማው ተማሪ፥ በሰው ፊት እንኳ ቢሆን፥ ስሕተታችንን መስማትን ነበር።