የተጎታች ቤት ጠላት መብረቅ ብቻ አይደለም

በአሜሪካ ለእረፍት ሲወጡ ቤታቸውን ከመኪናቸው ኋላ አስረው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አሉ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና አየር ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች ቤት ማለት ነው። ማታ ካምፕ ሲደርሱ በተመደበላቸው ቦታ አጠገብ አንድ የብረት ሳጥን ቆሞ ያገኛሉ። ውስጡ ሶኬትና ብሬከር አለው። ወፍራሙን ገመድ አውጥተው ይሰኩታል፤ በቃ፣ ቤቱ መብራት አገኘ።

ባለቤቱ በሶኬቱና በገመዱ መሀል የሚገባ መከላከያ ልግዛ ካለ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ሰዎች “ሰርጅ መከላከያ” ይሏቸዋል። ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። ታዲያ ርካሹ አይበቃም?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ማየት አለብን። ለምን መሰላችሁ? እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መከላከያ የተፈጠረው አንድን የተወሰነ ጠላት ለመመከት ነው። ጠላቱን ሳያውቁ መከላከያ መግዛት ደግሞ ለጎርፍ ጃንጥላ እንደመግዛት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው ጠላት፦ መብረቅ

በ1750ዎቹ ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በ1752 ፈረንሳይ ውስጥ በሙከራ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ሕንፃዎች ላይ የብረት ዘንግ ማቆምና ከመሬት ጋር ማገናኘት ተለመደ። ዘንጉ መብረቁን አያስቀረውም፤ ቤቱን ሳይነካ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይከፍትለታል እንጂ። ይህችን ሐሳብ ያዟት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ትከተለናለች።

በ1844 ሳሙኤል ሞርስ ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ጋር በቴሌግራፍ አገናኘ። ቴሌግራፍ ሲስፋፋ አዲስ ችግር መጣ። በየሜዳው የተዘረጋው ረጅም ሽቦ መብረቅን እየሰበሰበ ቢሮ ውስጥ ያስገባው ጀመር። መሣሪያው ይቃጠላል፣ ሠራተኛው ይደነግጣል፣ አንዳንዴም ይጎዳል።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር። ሁለት ብረቶችን ሊነካኩ ትንሽ እስኪቀራቸው ያቀራርባሉ፤ አንዱን ከሽቦው፣ ሌላውን ከመሬት ጋር ያያይዛሉ። የቴሌግራፉ ባትሪ ጉልበት ስለሌለው ክፍተቱን መዝለል አይችልም። መብረቅ ግን ይዘልና ወደ መሬት ይወርዳል። በፈረንሳይ ሉዊ ብሬጌ በ1847 ሌላ ዘዴ ጨመረበት። ወደ ጣቢያው የሚገባውን ሽቦ አንድ ቦታ ላይ አቀጠነው፤ ኃይለኛ ፍሰት ሲመጣ ቀጭኑ ሽቦ ቀልጦ መንገዱን ይቆርጣል። ዛሬ ፊዩዝ የምንለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስተውሉ። ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሐሳቦች አሉ፤ አንዱ አስተላልፎ መጣል፣ ሌላው መቁረጥ። የተጎታች ቤቱ ባለቤት ሱቅ ውስጥ የሚያያቸው ሁለቱ ዕቃዎች የእነዚህ የሁለቱ ሐሳቦች ልጆች ናቸው።

ክፍተቱ አልበቃም አለ

የኤሌክትሪክ ኃይል መስመሮች ሲመጡ የቴሌግራፉ ዘዴ ተቸገረ። መብረቅ ክፍተቱን ሲዘል አየሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል። በቴሌግራፍ መስመር ላይ መብረቁ ሲያልፍ ብልጭታውም ይጠፋል። በኃይል መስመር ላይ ግን ከኋላ ትልቅ ጄኔሬተር አለ፤ መብረቁ የከፈተውን መንገድ እሱ ይጠቀምበታል። እሳቱ አይጠፋም።

ስለዚህ ለመብረቅ የሚከፈት፣ ለተለመደው ቮልቴጅ ግን ወዲያው የሚዘጋ በር ተፈለገ። በኒውዮርክ ግዛት ስኬነክታዲ ከተማ፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ስታይንሜትዝ በዚህ ዙሪያ ብዙ ደክሟል። አንድ ጊዜ የገጠር ጎጆውን መብረቅ መታው። እሱ ምን አደረገ? የተሰባበረውን መስታወት ፍርክስካሽ ለቅሞ መልሶ ገጣጠመውና መብረቁ የሄደበትን መንገድ አጠና። በ1922 ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከ100,000 ቮልት በላይ የሆነ ሰው ሠራሽ መብረቅ ለሕዝብ አሳየ። መብረቅ በፈለጉት ሰዓት የሚፈጠር ከሆነ፣ መከላከያንም በፈለጉት ሰዓት መፈተን ይቻላል ማለት ነው።

በ1930 ገደማ እዚያው ኩባንያ ውስጥ ካርል ማኬክሮን ከሲሊከን ካርባይድ የተሠራ መከላከያ ይዞ መጣ። ይህ ቁስ ቮልቴጅ ሲጨምርበት ተቃውሞው ይቀንሳል። መሻሻል ነበር፤ ነገር ግን በተለመደው ቮልቴጅም ትንሽ ያፈሳል። ስለዚህ ክፍተቱ አብሮት መቆየት ነበረበት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጃፓን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በማትሱሺታ ኩባንያ ውስጥ ሚቺዮ ማትሱኦካ ዚንክ ኦክሳይድን ከሌሎች ኦክሳይዶች ጋር ቀላቅሎ በእሳት በመተኮስ አዲስ ሴራሚክ ሠራ፤ በ1971ም ውጤቱን አሳተመ። ሴራሚኩ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች የተሞላ ነው። ሁለት ቅንጣቶች በሚገናኙበት ድንበር ላይ በግምት 3 ቮልት የሚመክት ግድግዳ አለ። ከዚያ በታች ግድግዳው ዝግ ነው፤ ከዚያ በላይ ወለል ብሎ ይከፈታል። ለከፍተኛ ቮልቴጅ ወፈር፣ ለዝቅተኛ ሳሳ አድርጎ መሥራት ይበቃል። ክፍተት አያስፈልግም። ይህ ቁስ ቫሪስተር ይባላል። ዛሬ ሰርጅ ይከላከላሉ በሚባሉ ዲቫይደሮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ሳንቲም የመሰለ ክብ ነገር እሱ ነው።

የተጎታች ቤቱ ርካሽ መከላከያም በአብዛኛው ይኸው ቫሪስተር ነው። ለመብረቅ ልጅ፣ ማለትም በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ለሚቆጠር የቮልቴጅ ዝላይ፣ ጥሩ ዘበኛ ነው።

በየማታው አዲስ ሶኬት

አሁን ወደ ተጎታች ቤቱ እንመለስ። በ1936 ኤርስትሪም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ “ክሊፐር” የሚባል የአሉሚኒየም ተጎታች ሲያወጣ የኤሌክትሪክ መብራት ነበረው። የኩባንያው መሥራች ዋሊ ባያም በ1959 ከኬፕታውን ተነስቶ ወደ ካይሮ የሚጓዝ የተጎታች ቤቶች ቅፍለት መራ። ቅፍለቱ በኢትዮጵያም አልፏል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም እንግዶቹን ተቀብለዋቸዋል። በዚያ ጉዞ ላይ ትልቁ ራስ ምታት መንገዱ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አስፋልት ላይ ለሚጓዝ ሰው ግን አንዱ ራስ ምታት ሶኬቱ ነው።

የእናንተ ቤት ከአንድ መስመር ጋር አንዴ ይገናኛል፤ በቃ። ተጎታች ቤት ግን በየማታው ከማያውቀው ሳጥን ጋር ይገናኛል። ሳጥኑን ማን እንደሠራው፣ ስንት ዓመት ዝናብ እንደመታው፣ ስንት ሰው ሰክቶ እንደነቀለበት አይታወቅም።

ሁለት ዓይነት ሶኬት አለ። ባለ 30 አምፒሩ አንድ 120 ቮልት ይሰጣል። ባለ 50 አምፒሩ ደግሞ ሁለት ፌዝ አለው፤ እያንዳንዱ ከኒውትራል ጋር 120 ቮልት፣ ሁለቱ እርስ በርስ 240 ቮልት ናቸው። አሁን ኒውትራሉ ሳጥኑ ውስጥ ላላ ወይም ተበጠሰ እንበል። ምን ይሆናል? መብራቱ የሚጠፋ ይመስላችኋል። አይጠፋም፤ የባሰ ነገር ይመጣል።

እስቲ እናስላው። በአንዱ ፌዝ ላይ 10 ኦም የሆነ ትልቅ ዕቃ፣ በሌላው ላይ 30 ኦም የሆኑ ትናንሽ ዕቃዎች አሉ እንበል። ኒውትራሉ ሲኖር ሁለቱም 120 ቮልት ያገኛሉ። ሲበጠስ ግን ሁለቱ በተከታታይ ይቆሙና 240 ቮልቱን ይካፈላሉ። ጠቅላላ ተቃውሞው 40 ኦም ነው፤ ፍሰቱ 240 ሲካፈል ለ40፣ ማለትም 6 አምፒር። ትልቁ ዕቃ 60 ቮልት ሲደርሰው ትናንሾቹ 180 ቮልት ይደርሳቸዋል። ቴሌቪዥኑ፣ ቻርጀሩ፣ የፍሪጁ ሰርኪዩት ደህና ሰንብቱ ይላሉ። ብሬከሩስ? 6 አምፒር ለ50 አምፒር ብሬከር ምኑም አይደለም፤ አይነሳም።

ሌላም አለ። ባለ 30 አምፒር የተጎታች ሶኬት የማያውቅ ሰው፣ አሜሪካ ቤቶች ውስጥ ካለው ባለ 240 ቮልት የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ጋር አምታቶት 240 ቮልት ሊያስገባበት ይችላል። የ120 ቮልት ማሞቂያ 240 ሲገባበት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ዘበኛው ለምን ይወድቃል?

ቫሪስተሩ ታዲያ ምን ይሠራል? ለቅጽበት የተፈጠረ ነውና ሰርጅ የመጣ መስሎት በሩን ይከፍታል። ቮልቴጁ ግን አይሄድም። ማሸጊያው ላይ “1,200 ጁል” ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ጁል ማለት አንድ ዋት ለአንድ ሰከንድ ነው። በ240 ቮልት 5 አምፒር ብቻ ቢያሳልፍ በየሰከንዱ 1,200 ጁል ይውጣል። ስለዚህ አቅሙ በአንድ ሰከንድ ያልቃል፤ ከዚያ መጋል፣ መሰንጠቅ፣ መቃጠል ይመጣል።

ይህ አደጋ ከመሐንዲሶች ዓይን አልተሰወረም። ዩ ኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ፈታሽ ተቋም ለሰርጅ መከላከያዎች ዩ ኤል 1449 የተባለውን ደረጃ በ1985 አወጣ፤ በሁለተኛው ዕትም ደግሞ የማይለቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ መከላከያው ራሱ እሳት እንዳያስነሳ የሚፈትሹ ሙከራዎች ገቡ። ይህ እሳትን ይከላከላል። ፍሪጁን ግን አያድንም፤ ፍሪጁን የሚያድነው መቁረጥ ብቻ ነው።

ውዱ ዕቃ የሚሠራው ይህንን ነው። ውስጡ ቫሪስተር አለ፤ ከእሱ በተጨማሪ ቮልቴጁን ያለማቋረጥ የሚለካ ትንሽ ኮምፒውተርና መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌይ አለ። ብዙውን ጊዜ ከ104 ቮልት በታች ወይም ከ132 ቮልት በላይ ሲያይ ይቆርጣል። ለምን ዝቅተኛውንም? የአየር ማቀዝቀዣ ሞተር ቮልቴጅ ሲያንሰው ሥራውን ለመሥራት ተጨማሪ አምፒር ይስባል፤ ጥቅልሉ ይግላል። በበጋ ካምፑ ሞልቶ ሁሉም ማቀዝቀዣ ሲከፍት ይህ የታወቀ ነው። መብራቱ ሲስተካከል ደግሞ ወዲያው አይመልስም፤ ኮምፕረሰሩ እንዲያርፍ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃል።

ጥሩው መሣሪያ የመሬት ሽቦ መኖሩንም ያያል። ተጎታች ቤት በጎማ ላይ የቆመ ብረት ነው። የመሬት ሽቦው ከተበጠሰና ፌዝ አካሉን ከነካ፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ራሱ መንገድ ይሆናል። “መሬት ላይ ዘንግ ልትከልበት” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በስሌት መልሱለት። የዘንጉ ተቃውሞ 25 ኦም ቢሆን 120 ሲካፈል ለ25 ከ5 አምፒር ያነሰ ነው። ባለ 30 አምፒር ብሬከር ይህን አይሰማውም፤ አካሉም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። የፍራንክሊን ዘንግ ለመብረቅ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም።

እንግዲህ ምን ይምረጥ?

መጀመሪያ ሶኬቱን ይይ፤ ተጎታቹ ባለ 30 ከሆነ ባለ 30፣ ባለ 50 ከሆነ ባለ 50 መከላከያ። ቀጥሎ ከጁል ቁጥሩ በፊት “መስመሩን ይቆርጣል ወይ?” ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ የዩ ኤል 1449 ምልክት፣ ዝናብ የሚችል አካል፣ ያለቀ ቫሪስተር መኖሩን የሚናገር መብራት ይፈልግ። ውድ ነው ካለ፣ ዋጋውን ከአንድ የተቃጠለ ማቀዝቀዣ ዋጋ ጋር ያወዳድር። መብረቅ በቅርብ ሲጥል ግን የትኛውንም ሳያምን ገመዱን አስቀድሞ ይንቀል።

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሀገር ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በፌዝና በኒውትራል መሀል 220፣ በሁለት ፌዞች መሀል 380 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ አንዳንዱ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊገባበት ይችላል። ስሌቱ ያው የተጎታች ቤቱ ነው፤ ባለ ቫሪስተር ዲቫይደር ብቻውን የማያድንበትም ምክንያት ያው ነው።

በመጨረሻ፣ ካምፕ ውስጥ የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የሳጥኑን ብሬከር ማጥፋት፤ መከላከያውን ብቻ መሰካት፤ ብሬከሩን አብርቶ መሣሪያው የሚያሳየውን ማንበብ። ደህና ካለ እንደገና አጥፍቶ የተጎታቹን ገመድ መሰካት፣ ከዚያ ማብራት። ስህተት ካሳየ ደግሞ ሌላ ቦታ እንዲሰጧቸው የካምፑን ሠራተኞች መጠየቅ ነው።