ከአትላስ እስከ ኬፕ ታውን፦ የአፍሪካ "ቁጥር 4" መንገድ ምንድን ነው?

አትላስ አካባቢ ያላችሁ፣ ከአፍሪካ ረጃጅም መንገዶች አንዱ ሩቅ አይደለም። በቀለበት መንገድ ቃሊቲ ወርዳችሁ ወደ ሞጆ የምትይዙት መስመር ከካይሮ ኬፕ ታውን የሚዘልቀው "ትራንስ አፍሪካ ሀይዌይ 4" አካል ነው። በአጭሩ እናስረዳችሁ።

ማን አቀደው?
መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ የሆነው የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከአፍሪካ ኅብረት ጋር። ዕቅዱ 9 መስመሮች አሉት፤ ድምር ርዝመታቸው 56,683 ኪ.ሜ ነው።

ቁጥሩስ?
በአሜሪካ ኢንተርስቴት መንገዶች ጎዶሎ ቁጥር (1፣ 3፣ 5) ሰሜን–ደቡብ፣ ተጋማሹ (2፣ 4፣ 6) ደግሞ ምሥራቅ–ምዕራብ ነው። የአፍሪካው እንደዚያ አይደለም። 4 ሰሜን–ደቡብ ሲሄድ 6 ምዕራብ–ምሥራቅ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አቅጣጫ አትገምቱ።

በኢትዮጵያ የሚያልፉት
• ቁጥር 4፦ በመተማ ገብቶ በጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ዲላና ያቤሎ አድርጎ በሞያሌ ይወጣል። ጠቅላላ ርዝመቱ 10,228 ኪ.ሜ ነው። መጀመሪያ ሲታቀድ መጨረሻው የቦትስዋና ዋና ከተማ ጋቦሮኔ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት አልተካተተችም።
• ቁጥር 6፦ ከቻድ ንጃሜና እስከ ጅቡቲ፣ 4,219 ኪ.ሜ። ከቁጥር 5 ጋር ሲገጥም ከዳካር ጅቡቲ ያደርሳል።

አሁን ይኬዳል?
በሰሜን በኩል ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሱዳን ጦርነት መስመሩን አደገኛ አድርጎታል። በደቡብ ግን ነገሩ ተሻሽሏል። ድሮ በኮረኮንችነቱ የሚታወቀው የኬንያው የኢሲዮሎ–ሞያሌ መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ የሞያሌ የጋራ ድንበር ኬላም በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተመርቋል።

ለእኛ ምን ያደርግልናል?
ወደብ የለንም፤ አብዛኛው ዕቃችን የሚገባው በጅቡቲ ነው። አንድ በር ላይ መንጠልጠል ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ እዚያ መስመር ላይ ችግር ሲፈጠር ገበያ ላይ ይሰማል። የሞያሌው መንገድ ወደ ኬንያ ወደቦች የሚወስድ ሌላ በር ነው።

ለሹፌሮች
ከካይሮ እስከ ሞያሌ የሚነዳው በቀኝ ነው። ኬንያ ስትገቡ በግራ ይሆናል፣ እስከ ኬፕ ታውንም እንደዚያው ነው። ድንበሩን እንዳለፋችሁ መስመራችሁን መቀየር እንዳትረሱ!