ለድምፅ የተተወ ቦታ፤ በቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያዎች የንግግር ግንኙነት አጭር ታሪክ

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። ገበጣ መጫወትም ጨዋታ ነው፤ ቡና እየጠጡ ማውጋትም ጨዋታ ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ያጣመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ገበጣ የሚጫወቱ ሰዎች ጠጠሩን እየቆጠሩ ይቀላለዳሉ፣ ይፎካከራሉ፤ ዳር ሆኖ የሚመለከተውም ምክር ጣል ያደርጋል። ንግግሩ ቢጠፋ የሚቀረው ቆጠራ ብቻ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ግን በተለያየ ከተማና በተለያየ አገር የሚኖሩ ሰዎችን በመስመር አገናኝቶ ማጫወት በጀመረ ጊዜ ቆጠራውን ይዞ ንግግሩን ትቶ ነበር የተነሣው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በተለምዶ ኮንሶል በሚባለውና ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በሚሠራው የጨዋታ መሣሪያ ላይ የንግግር ግንኙነት እንዴት እንደመጣ ማሳየት ነው። ርእሰ ነገሩ ለመሐንዲሶች መጽሔት እጅግ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ ሲነደፍ የተተወ ወይም ሳይተው የቀረ ትንሽ ቦታ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ማን ከማን ጋር ሊነጋገር እንደሚችል የወሰነበት ታሪክ በመሆኑ ለሞያችን የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይክሮፎን በጨዋታ መሣሪያ ላይ መታየት የጀመረው ከኢንተርኔት በፊት ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ በ1983 ፋሚኮም የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ በሁለተኛው መቆጣጠሪያ ላይ ማይክሮፎን አድርጎ ነበር። ነገር ግን ይህ ማይክሮፎን የሰውን ድምፅ ለሌላ ሰው የሚያደርስ አልነበረም፤ ድምፁን ለመሣሪያው እንደ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ያገለግል ነበር እንጂ።

ሰው ከሰው ጋር እንዲነጋገር ለማድረግ መስመር ያስፈልጋል። ሴጋ የተባለው ኩባንያ በ1999 በአሜሪካ ለገበያ ያቀረበው ድሪምካስት ሞደም አብሮት የተገጠመለት ነበር። ችግሩ የመስመሩ ጥበት ነው። በዲጂታል ቴሌፎን ልማድ ንግግር በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ8 ቢት ይመዘገባል፤ ይህም በሰከንድ 64,000 ቢት ማለት ነው። በጊዜው የነበረው ሞደም ግን ከቤት ወደ ውጭ መላክ የሚችለው በሰከንድ ቢበዛ 33,600 ቢት ነበር። በዚያው መስመር ላይ የጨዋታው እንቅስቃሴም መጓዝ አለበት። ስለዚህ ድምፁ እጅግ ካልተጨመቀ በቀር ሊያልፍ አይችልም። በ2001 የወጣው ኤሊየን ፍሮንት ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ተጫዋቾች በማይክሮፎን አጫጭር መልእክት እንዲለዋወጡ በማድረጉ የዚህ ታሪክ መጀመሪያ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ሴጋ በዚያው ዓመት የድሪምካስትን ምርት በማቆሙ ሙከራው ሳይስፋፋ ቀረ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ2002 ነው። በዚህ ዓመት ሁለት ኩባንያዎች ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያዙ። ሶኒ በነሐሴ ወር ለፕሌይስቴሽን 2 የመስመር ማገናኛ ሲያወጣ ሶኮም የተባለ የውትድርና ጨዋታ ማይክሮፎን ካለው የጆሮ ማዳመጫ ጋር አብሮ ለገበያ ቀረበ። ተጫዋቾች እንደ ወታደር ሬዲዮ ቁልፍ ተጭነው በተራ ይነጋገሩ ነበር። በዚህ አሠራር ንግግሩ የጨዋታው ንብረት ነው፤ ጨዋታው ሲዘጋ ንግግሩም ይቋረጣል፤ ሌላ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ደግሞ የራሱን አሠራር ከመሠረቱ መገንባት ይኖርበታል።

ማይክሮሶፍት ግን በኅዳር 15 ቀን 2002 ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለውን አገልግሎት ሲከፍት ንግግርን የአገልግሎቱ መሠረታዊ ክፍል አደረገው። 49.99 ዶላር የሚያወጣው የመጀመሪያው ጥቅል የአንድ ዓመት አባልነትና የጆሮ ማዳመጫ በአንድነት ይዞ ነበር። አገልግሎቱ በፈጣን መስመር ብቻ እንዲሠራ በመወሰኑ የሞደም ተጠቃሚዎች ውጭ ቀሩ፤ ነገር ግን የድምፅ ጥበት ተቃለለ። እያንዳንዱ አባል በሁሉም ጨዋታዎች የሚታወቅበት አንድ ስምና አንድ የጓደኞች መዝገብ ነበረው። ድምፁን መለወጥ ለሚሻም የድምፅ መሸፈኛ ቀርቦለት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ይገባል። የተናጋሪው ድምፅ በጥቃቅን ቁራጭ ተከፋፍሎ፣ ተጨምቆ፣ በፓኬት ታሽጎ ይላካል። በመንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት እንደገና እንዲላክ አይጠየቅም፤ ዘግይቶ የሚደርስ ቃል ከጠፋ ቃል የባሰ ነውና። ፓኬቶቹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚደርሱም ተቀባዩ መሣሪያ ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ በተራ ያሰልፋቸዋል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ለአብዛኛው ንግግር እንደማያውክ ይመክራል። ይህ ሁሉ ሥራ የመሣሪያውን የስሌት ኃይልና ማኅደረ ትውስታ ይጠይቃል፤ ጨዋታውም እነዚህኑ ለራሱ ይፈልጋቸዋል። የታሪኩ ዋና ክርክር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በኅዳር 2004 የወጣው ሄሎ 2 ይህን ችሎታ በሚገባ ተጠቀመበት። ተጫዋቹ ከወገኑ ጋር በሬዲዮ መልክ ከመነጋገሩ በላይ፣ በአቅራቢያው ያለ ባላጋራም ድምፁን ይሰማው ነበር። በዚህም ንግግር የጨዋታው ስልት አንድ ክፍል ሆነ።

ልዩነቱ ፈጦ የወጣው በሚቀጥለው ትውልድ ነው። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ካለው 512 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ጥቂቱ ለመሣሪያው ሥርዓት ተለይቶ የተያዘ ስለነበር፣ ሁለት ሰዎች የተለያየ ጨዋታ እየተጫወቱ እንኳ መነጋገር ይችሉ ነበር። በኅዳር 2008 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ይህን ወደ ስምንት ሰዎች ቡድን አሳደገው። ንግግሩ ከጨዋታው ተላቅቆ የመሣሪያው ሆነ ማለት ነው። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3ም በድምሩ 512 ሜጋባይት ነበረው፤ ነገር ግን እኩል ተከፍሎ 256ቱ ለዋናው ሥራ፣ 256ቱ ለምስል የተመደበ ነበር። ደንበኞች በተለያየ ጨዋታ መካከል መነጋገር እንዲችሉ ለዓመታት ቢጠይቁም አልተሳካም። በ2011 የሶኒ የጨዋታ ስቱዲዮዎች ኃላፊ የነበሩት ሹሄይ ዮሺዳ እንቅፋቱ የማኅደረ ትውስታ ጉዳይ መሆኑን ገልጸዋል። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ለጨዋታ ሠሪዎች አንድ ጊዜ የተሰጠ ቦታ ሊመለስ አይችልም፤ ቢመለስ ቀድሞ የተሸጡት ጨዋታዎች ሥራቸውን ያቆማሉ። ሶኒ ጉድለቱን ያረመው በ2013 ባወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ይህ መሣሪያ 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ፣ የቡድን ንግግርና በሣጥኑ ውስጥ አብሮ የሚሸጥ የጆሮ ማዳመጫ ነበረው።

ሦስተኛውን መንገድ የያዘው ኒንቴንዶ ነው። ደንበኞቹ በብዛት ልጆች በመሆናቸው ኩባንያው ለንግግር በሩን የከፈተው በጥንቃቄ ነበር። በ2006 በሜትሮይድ ፕራይም ሀንተርስ ጓደኛሞች ከግጥሚያው በፊትና በኋላ እንዲነጋገሩ ፈቀደ። በ2008 ደግሞ ዊ ስፒክ የተባለ፣ የአንድ ሰው ሳይሆን የሳሎኑን ሁሉ ድምፅ የሚያነሣ ማይክሮፎን አወጣ። በ2017 በስዊች ላይ ግን ንግግሩን ጭራሽ ከመሣሪያው አውጥቶ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ባለ ፕሮግራም አደረገው። ተጫዋቹ የጨዋታውን ድምፅ ከአንዱ፣ የጓደኛውን ድምፅ ከሌላው መሣሪያ መስማት ነበረበት። በ2018 ፎርትናይት በዚያው በስዊች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኩል ቀጥተኛ ንግግር ሲያስገባ ገደቡ የመሣሪያው አቅም ሳይሆን የኩባንያው ውሳኔ እንደነበረ ታየ። በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 ማይክሮፎኑን በራሱ አካል፣ ንግግር የሚከፍተውን ቁልፍም በመቆጣጠሪያው ላይ ይዞ መጣ፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችም የወላጅ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት ተበጀለት።

የኒንቴንዶ ጥንቃቄ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። ድምፅ ከጽሑፍ ይልቅ ሰውን ይገልጣል፤ ዕድሜን፣ ጾታን፣ የመጡበትን አገር ያሳውቃል። ከዚህም የተነሣ ተናግረው ስድብ ከመስማት ዝም ብለው መጫወትን የመረጡ ብዙ ሴቶችና ልጆች አሉ። የጽሑፍ ስድብ ተመዝግቦ ይቀራል፤ የቃል ስድብ ግን ማስረጃ አይተውም። ስለዚህም ሶኒ በ2020፣ ማይክሮሶፍትም በሐምሌ 2023 ተጠቃሚ የተበደለበትን ንግግር ቀርጾ ለአቤቱታ የሚያቀርብበትን መንገድ ከፈቱ። በማይክሮሶፍት አሠራር የሚቀረጸው እስከ 60 ሰከንድ ነው። ይህም በበኩሉ የግል ንግግር ምስጢርነት እስከምን ድረስ ነው የሚለውን ጥያቄ አስነሥቷል።

መስማት ወይም መናገር የማይችለውስ? ንግግር የጨዋታው አካል በሆነ መጠን መስማት የተሳነው ተጫዋች ከቡድኑ እየራቀ ሄደ። በ2010 በአሜሪካ የወጣው የመገናኛ ተደራሽነት ሕግ የጨዋታ ንግግርንም የሚመለከት ቢሆንም፣ ለጨዋታ ሠሪዎች የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ ያበቃው በ2018 መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንግግርን ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፍንም ወደ ንግግር የሚለውጡ አገልግሎቶች እየበዙ መጥተዋል፤ በ2021 በኤክስቦክስ የቡድን ንግግር ላይ የገባው ለዚህ ምሳሌ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ዋና ነገር ነው። ሕንፃ የሚሠራ ባለሞያ የኤሌክትሪኩን ቱቦ የሚቀብረው ግድግዳው ሳይለሰን ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን መፈንቀል ግድ ይሆንበታል፤ አንዳንዴም መፈንቀሉ ራሱ የማይቻል ይሆናል። ፕሌይስቴሽን 3 ቱቦው የተረሳበት ግድግዳ ነበር። መስማት ለተሳናቸው የሚሆነው አገልግሎትና ከስድብ የሚጠብቀው ሥርዓትም እንዲሁ ግድግዳው ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ የተቀጠሉ ናቸው። የጥቂት ሜጋባይት ጉዳይ በወረቀት ላይ ሲታይ የቁጥር ጉዳይ ይመስላል። መሣሪያው ወጥቶ በሚሊዮን ቤቶች ከገባ በኋላ ግን ቁጥሩ ጓደኛሞችን የሚያገናኝ ወይም የሚለያይ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ማናችንም አዲስ ሥራ ስንነድፍ «ይህ ምን ይሠራል?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ «የሚጠቀሙበት ሰዎች እርስ በርሳቸው ምን ሊባባሉ ይሻሉ? ለዚህስ የት ቦታ ተውንላቸው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።